ጤዛ፦ ያላለፈ ትናንት

ከባሕር ዳር ማዶ፣ በጎንደር በኩል ባለ የጣና ዳር መንደር፣ ከውጭ አገር የተመለሰ ምሁር እናቱ ቤት ይገባል። አንድ እግሩን አጥቷል፤ እንዴት እንዳጣው ግን አያስታውስም። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ታሪኩን የሚፈታው ከዚህ ቋጠሮ ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትንና የምርጥ ድርሰት ሽልማትን፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት ወስዷል። ብዙ የተወራለት በደርግ ዘመን ፖለቲካው ነው። እኔን የያዘኝ ግን የአእምሮ ቁስልን የገለጸበት መንገድ ነው።

አሮን አረፈ የሚጫወተው አንበርብር ትዝታውን ፈልጎ አያመጣውም፤ ትዝታው ነው መጥቶ የሚይዘው። የጓደኛው የተስፋዬ አሟሟትና ጀርመን ውስጥ ዘረኞች ያደረሱበት ጥቃት በቅደም ተከተል አይመጡለትም። ተቆራርጠው፣ አንዳንዴም በቅዠት ይመጡበታል። ኃይሌ ይህን በቃል አላስረዳም፤ በቅንብሩ አሳየ። ምስሉ ይቋረጣል፣ ይመለሳል፣ በተመለሰ ቁጥርም ጥቂት ይገልጣል።

ይህ አካሄድ የዓይን እንቅስቃሴ ሕክምና የሚባለውን የአእምሮ ቁስል ሕክምና ያስታውሰኛል። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍራንሲን ሻፒሮ እ.ኤ.አ. በ1987 መናፈሻ ውስጥ ስትራመድ፣ ዓይኗ ወዲያ ወዲህ ሲል የሚያስጨንቃት ሐሳብ ሲቀልላት አስተዋለች። ከዚያ በተነሳው ሕክምና ታካሚው አስፈሪውን ትዝታ በልቡ ይዞ የሐኪሙን ጣት ግራና ቀኝ በዓይኑ ይከተላል። አእምሮ ሁለት ሥራ ባንዴ ሲሸከም ትዝታው ይደበዝዛል የሚሉ አሉ፤ የዓይኑ እንቅስቃሴ ራሱ ያለው ድርሻ ግን ዛሬም ያከራክራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ሕክምናውን መክሯል። ዓላማው ማስረሳት አይደለም፤ ያለፈው ነገር እንዲያልፍ ማድረግ ነው።

የአንበርብር እናት፣ ታከለች በየነ በድንቅ ብቃት የምትጫወታት፣ ልጇን ጠበል ትወስደዋለች። ፊልሙ በዚህ አይሳለቅም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ አንበርብር ግን የደበቀው ነገር የለም፣ በሽታው ነው ከእሱ የተደበቀው። ስለዚህ ጠበሉም የቱን እንደሚነካ አያውቅም።

የሻፒሮ ሕክምና 8 ደረጃዎች አሉት። ትዝታውን ይዞ ዓይን ማንቀሳቀስ የሚጀመረው በ4ኛው ነው፤ ከዚያ በፊት ታካሚውን ማወቅ፣ ማዘጋጀትና ማረጋጋት አለ። «ጤዛ» የሚያሳምመን እዚህ ላይ ነው። ሐይቁ ጸጥ ብሏል፤ መንደሩ ግን ልጆቹን ለጦርነት ከሚያፍሱ ወታደሮች ይሸሻል። ጦርነቱ ሳይቆም የቆሰለው ሰው የት ሆኖ ይረጋጋ? ዛሬ ባሕር ዳር ላይ ፊልሙን የሚያይ ሰው ይህ ጥያቄ እንደ ድሮ ታሪክ አይሰማውም።

ጉድለትም አለው። በጀርመንና በአዲስ አበባ ትዕይንቶች ገጸ ባሕርያቱ አንዳንዴ እንደ ሰው ሳይሆን እንደ በራሪ ወረቀት ይናገራሉ። ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ የአዛኑ ነገር ነው። መንደሩ ያገለላት ይህች ሴት የራሷ ከባድ ቁስል አላት፤ ፊልሙ ግን የአንበርብርን ትዝታ እየደጋገመ ሲያስስ፣ የእሷን ለእሱ መጽናኛ አድርጎ ያልፈዋል።

ይህም ሆኖ «ጤዛ» መዳንን አላጋነነም። አንበርብር በመጨረሻ የመንደሩን ልጆች ያስተምራል። እግሩ አልተመለሰም፣ ትዝታውም አልጠፋም፤ አሁን ግን ሊናገረው ይችላል።