የሦስት ጣውላ ጥበብ

የኡሴልቫር ጀልባ ጎን ሦስት ጣውላ ብቻ ነው። በግራ ሦስት፣ በቀኝ ሦስት፤ ከሥር አንድ አከርካሪ እንጨት፣ ከፊትና ከኋላ ሽቅብ የሚያቀኑ ሁለት ሹል ግንባሮች፣ ከውስጥ ጥቂት የጎድን አጥንቶች። ከበርገን ከተማ በስተ ደቡብ፣ በኡስ አካባቢ የሚኖረው የምዕራብ ኖርዌይ ሰው ለዘመናት ዓሣ ያጠመደው፣ ዕቃ ያጓጓዘው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የደረሰው በዚህ ጀልባ ነው። ስሙን ያገኘው እዚያው ወደ ባሕር ከሚፈስሰው ከኡሴልቫ ወንዝ ነው። የጣውላዎቹ ውፍረት የአውራ ጣት ስፋት አይሞላም። ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ሲታይ ቅርጹ ዓይን ይይዛል፤ የሠሪው እጅ ምን ያህል የረቀቀ እንደ ሆነ የሚታወቀው ግን ነፋስ ሲነሣና ያ ስስ ጣውላ ከማዕበል ጋር ሲገጥም ነው።

በርገን እየኖሩ ከባሕር መሸሽ አይቻልም። ፊዮርዶቹና ደሴቶቹ ሁሉ ተቆጥረው ሲለኩ የኖርዌይ የባሕር ዳርቻ ርዝመት ከ100,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እኔ ግን ያን ሁሉ ውሃ ለረጅም ጊዜ ያየሁት ከአውቶቡስ መስኮትና ከትልልቅ የመንገደኛ መርከቦች ላይ ሆኜ ነበር። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አጎቷ ኡሴልቫር እንዳላቸውና አብሬያቸው ብወጣ ደስ እንደሚላቸው ነገረችኝ። ሽማግሌው አንድ ነገር ብቻ አስቀደሙ፤ ጀልባው የሚሠራበትን ቤት ማየት አለብኝ። «ምን ላይ እንደምትቀመጥ ሳታውቅ ባሕር አትውጣ» አሉኝ።

የጀልባ ሠሪው ቤት አዲስ የተላገ ፓይንና የእንጨት ሬንጅ ይሸታል። ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ንድፍ የለም። ሠሪው የሚመራው በልኬት በትር ላይ በተቀረጹ ምልክቶች፣ የእያንዳንዱን ጣውላ ዝንባሌ በሚለካበት የእንጨት ውሃ ልክ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በዓይኑ ነው። በሌሎች አገሮች ከሚሠሩት የእንጨት መርከቦች ብዙዎቹ መጀመሪያ አጥንታቸው ይቆማል፤ ጣውላው በላዩ ይለብሳል። የሰሜኑ ጀልባ ሥራ ተቃራኒ ነው። ጣውላው ይቀድማል፤ አጥንቱ የሚገባው ቆዳው ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ቅርጹን የሚወስነው ጣውላው ራሱ ነው። የመጀመሪያው ጣውላ ከአከርካሪው ጋር በተያያዘበት ማዕዘን የጀልባው ሆድ ይወሰናል፤ ትንሽ ከተከፈተ ሰፊና የረጋ ይሆናል፣ ትንሽ ከተዘጋ ቀጭንና ፈጣን ይሆናል። በዓይን የማይለይ የሚመስል ልዩነት ባሕር ላይ ሌላ ጀልባ ይወልዳል።

ጎኑ በሦስት ጣውላ እንዲያልቅ እያንዳንዱ ጣውላ ሰፊ መሆን አለበት። ሰፊና ጤነኛ ጣውላ የሚገኘው ደግሞ ቀስ ብሎ ካደገ ወፍራም ፓይን ነው፤ የጀልባው ሥራ የሚጀመረው ገና ጫካ ውስጥ፣ ዛፍ ሲመረጥ ነው። ከዚያ ትልቁ ፈተና ይመጣል። መሃል ላይ ጋደም ያለው ጣውላ ወደ ግንባሩ ሲጠጋ ተጠማዝዞ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ሠሪው ጣውላውን በእንጨት ሞርሳ ይይዘዋል፣ በሽብልቅ ያጠብቀዋል፣ ከቤቱ ጣሪያ በተደገፉ ዘንጎች እየገፋ ቦታው ላይ ያቆመዋል። ከዚያ ፈንጠር ብሎ ቆሞ በአንድ ዓይኑ መስመሩን ይከተላል፤ ተመልሶ አንዱን ዘንግ ጥቂት ያነሣል፤ እንደገና ይርቃል። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው አላየሁም።

የላይኛው ጣውላ ጠርዝ በታችኛው ላይ ይደረባል፤ በመካከላቸው ሬንጅ የጠጣ የበግ ፀጉር ፈትል ይገባል። የምስማሩ ሥራ የሁለት ሰው ሥራ ነው። የመዳብ ምስማሩ ከውጭ ይገባል፤ አንዱ ሰው ውጭ ሆኖ ከባድ ብረት በምስማሩ ራስ ላይ ይደግፋል። ሌላው ከውስጥ በብቅ ያለው ጫፍ ላይ ትንሽ የመዳብ ሮንዴላ ያጠልቃል፣ ትርፉን ይቆርጣል፣ ከዚያም በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን እየቀጠቀጠ ጫፉን በሮንዴላው ላይ ያሰፋዋል። ከባድ ምት መዳቡን ያጣምመዋል፤ ተደጋጋሚ ቀላል ምት ያጠብቀዋል። አንዱ የሌላውን እጅ አያይም፤ የሚግባቡት በድምፅ ነው። ምስማሩ ልክ ሲይዝ ድምፁ ይለወጣል፤ ብረቱን የያዘው ተለማማጅ ያንን ለውጥ በመዳፉ ጭምር ይሰማዋል። ጣቴን በምስማሮቹ መስመር ላይ አሳለፍኩ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከግንባር እስከ ግንባር አይዛነፍም፤ አንዱ ሮንዴላ ከሌላው አይጎረብጥም።

አጥንቶቹ የሚጠረቡት ሲያድጉ ጀምሮ ከቆለመሙ እንጨቶች ነው። ቀጥ ያለ እንጨት በመጋዝ ጎባጣ ተደርጎ ቢቆረጥ የእንጨቱ ጭረት ይቆረጥና መታጠፊያው ላይ ይሰበራል፤ ዛፉ ራሱ ያጎበጠው እንጨት ግን ጭረቱ ከጉብጠቱ ጋር አብሮ ይሄዳል። አጥንቱን ከጣውላው ጋር የሚያያይዘው የእንጨት ምስማር ከጥድ ይሠራል። የኖርዌይ ጥድ ከእኛ ደጋ ጥድ ጋር ዘመዳማች ነው፤ እዚያ ግን ብዙውን ጊዜ ከቁጥቋጦ አያልፍም። ጥቅጥቅ ያለ፣ ቶሎ የማይበሰብስ በመሆኑ ለዚህ ትንሽ ግን ከባድ ኃላፊነት ይመረጣል። በቤቱ ውስጥ ያየሁት ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። እንጨት መጨመር ቀላል ነው፤ ከባዱ ነገር የቱ እንደማያስፈልግ አውቆ ማስቀረት ነው።

የወጣነው በበጋው መጀመሪያ፣ ደመና ዝቅ ባለበት ቀን፣ ከኡሶይሮ ወደ ቢዮርናፊዮርደን ነበር። መጀመሪያ ቀዘፍን። መቅዘፊያው የሚያርፈው በጀልባው ከንፈር ላይ በተተከለ የእንጨት መንጠቆ ላይ ሲሆን የገመድ ቀለበት ይዞታል። መንጠቆውን ጎንበስ ብዬ ተመለከትኩት። ቅርንጫፍ ከግንድ ከሚወጣበት ቦታ የተቆረጠ ነው፤ ቀዛፊው ሲስብ ጫናውን የሚቀበለው ቅርንጫፉን ለዓመታት ከነፋስ ጋር የያዘው ያው የዛፉ መጋጠሚያ ነው። ገመዱ የሚያሽበት ቦታ ከአጠቃቀም ብዛት ለስልሷል። መቅዘፊያው ያለ ጩኸት ይመላለሳል፤ ጀልባውም በእያንዳንዱ ስበት ወደ ፊት ይሸሻል፣ ከኋላው የሚተወው አረፋ የለም ማለት ይቻላል። ውሃው ለሁለት ተከፍሎ መልሶ ሲገጥም እንኳ አይንጫጫም።

ከትናንሾቹ ደሴቶች ከለላ ስንወጣ ሽማግሌው ተራዳውን አቁመው ሸራውን ዘረጉ። ሸራው ባለ አራት ማዕዘን ነው፤ የላይኛውን ጥግ ወጥሮ የሚይዘው ከተራዳው ሥር በሰያፍ የሚወጣ ቀጭን ዘንግ ነው። ነፋሱ ከበረታ ዘንጉን መንቀል ብቻ ይበቃል፤ የሸራው ግማሽ ወዲያው ይሞታል። ይህን ነግረውኝ ሳይጨርሱ ከተራራው ቁልቁል የወረደ ነፋስ ውሃውን እያጠቆረ መጣብን። ጀልባው ጋደለ። ከንፈሩና ውሃው ሊነካኩ የቀራቸው ርቀት ከአንድ ስንዝር አይበልጥም ነበር። የመጀመሪያው ማዕበል ከፊት በስተ ግራ ሲመታን ቀዝቃዛው ጨዋማ ውሃ ፊቴን አለበሰኝ። ልቤ በጆሮዬ ይመታል። ሽማግሌው አንድ እጃቸው መሪው ላይ፣ ሌላው የሸራው ገመድ ላይ ነው፤ ገመዱን ጨርሶ አላሰሩትም፣ በጣታቸው እየለቀቁ እየሳቡ ይዘውታል። «እጅህን ጣውላው ላይ አድርግ» አሉኝ።

አደረግኩ። ማዕበሉ ሲመጣ ጣውላው በመዳፌ ሥር ወደ ውስጥ ገባ አለ፤ ማዕበሉ ሲያልፍ ተመለሰ። በሚተነፍስ በሬ ጎን ላይ እጅን እንደ ማሳረፍ ነው። ግንባሩ በአንድ ወገን ሲጠመዘዝ የኋላው ትንሽ ዘግይቶ ይከተላል። መላው ጀልባ ይለመጣል፣ ግን አንዲት ምስማር አትንቋቋም፣ አንዲት ጠብታ በድርቡ መካከል አትገባም። ቤቱ ውስጥ ያየሁት እያንዳንዱ ነገር በዚያች ሰዓት ምክንያቱን ነገረኝ። ጣውላው ስስ የሆነው ማዕበሉን ከመቋቋም ይልቅ እንዲቀበለው ነው። ምስማሩ ከመዳብ የሆነው፣ በቀላል ምት የጠበቀው፣ ከእንጨቱ ጋር አብሮ እንዲንቀሳቀስ ነው። አጥንቶቹ ጥቂት የሆኑት ቆዳው እንዲለመጥ ቦታ ለመተው ነው። ወፍራምና ግትር ጀልባ ቢሆን ያንን ምት ሁሉ ወደ እኛ ያስተላልፍ ነበር፤ ይኸኛው በመንገድ ላይ ያበርደዋል። ፍርሃቴ አልጠፋም፤ ከጎኑ ግን እምነት መጣ፣ ሁለቱ አብረው ሲሆኑ ደግሞ ሰው በሕይወቱ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚያገኘው ዓይነት ደስታ ይሆናሉ። ነጭ ጅራት የባሕር ንስር ከአንድ ራቁት ዐለት ላይ ተነሥቶ በላያችን አለፈ። ክንፎቹ ተዘርግተው ከሁለት ሜትር ይበልጣሉ፤ ያንን ነፋስ ሳይጣላው ይጋልበው ነበር።

ይህ መለመጥ የታሪክ ምስክር አለው። እ.ኤ.አ. በ1880 በደቡብ ምሥራቅ ኖርዌይ ጎክስታድ በተባለ ቦታ አንድ የቫይኪንግ ዘመን መርከብ ከመቃብር ጉብታ ሲወጣ ትናንሽ ጀልባዎችም አብረውት ተገኝተዋል። ከእነዚያ ትንሹ ወደ ስድስት ሜትር ተኩል ይረዝማል፤ ጎኑም ሦስት ጣውላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ማግኑስ አንደርሰን የተባለው መርከበኛ የትልቁን መርከብ አምሳያ አሠርቶ ከበርገን ተነሣና አትላንቲክን ተሻገረ፤ ኒውፋውንድላንድ የደረሰው በአራት ሳምንት ገደማ ነው። በኋላም ቺካጎ ለነበረው የዓለም ኤግዚቢሽን አደረሰው። አንደርሰን በጉዞው ላይ የመርከቡ ከንፈር እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ድረስ ከመስመሩ እየወጣ እንደሚጠማዘዝ፣ ይህም ሆኖ መርከቡ ውሃ እንደማያስገባ መዝግቧል። እኔ በመዳፌ የሰማሁት ያንኑ ነው። የኡስ አካባቢ ሠሪዎች በቀድሞው ዘመን ጀልባዎቻቸውን ፈታተው በጣውላ መልክ ወደ ሼትላንድ ደሴቶች ይልኩ ነበር፤ እዚያ መልሰው ይገጣጥሟቸዋል። እያንዳንዱ ክፍል ቦታውን ስለሚያውቅ ባሕር ተሻግሮ መልሶ ይገናኛል።

ያ ሁሉ እውቀት ግን በመጽሐፍ ውስጥ አልተቀመጠም። ንድፍ የሌለው ሥራ የሚኖረው በሰው እጅ ውስጥ ነው፤ ሰውየው ሲሞት ተተኪ ከሌለው አብሮት ይቀበራል። ሠሪዎቹ እያረጁና እያነሱ ሲሄዱ እ.ኤ.አ. በ1997 ኡስ ውስጥ ኡሴልቫርቨርክስታደን የተባለው የጀልባ መሥሪያ ተቋቋመ። ነባር ባለሙያዎችና ተለማማጆች በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ምስማር ግራና ቀኝ ቆመው እንዲሠሩ ተደረገ። ይህን የማስተማር ዘዴ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2016 የመልካም ጥበቃ ልምዶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል፤ ውሳኔው የተላለፈው ደግሞ የገዳ ሥርዓት በሰፈረበት በዚያው ጉባኤ፣ አዲስ አበባ ላይ ነው። መዝገቡ ያከበረው ጀልባውን ብቻ አይደለም፤ ጀልባው እየተሠራና እየተቀዘፈ እንዲኖር የተደረገበትን መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ዴንማርክ፣ ፊንላንድ፣ አይስላንድ፣ ኖርዌይና ስዊድን በጋራ ያቀረቡት የሰሜኑ የድርብ ጣውላ ጀልባ ባህል በማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

ሙዚየም ውስጥ የተቀመጠ ኡሴልቫር ጣውላው ይደርቃል፣ ድርቡ ይከፈታል። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ ነው የሚገጥመው። ሙያውም እንደዚያው ነው፤ ጀልባ የሚያዝ ሰው፣ የሚቀዝፍ ሰው፣ ውድድር ላይ ይዞት የሚቀርብ ሰው ይፈልጋል። በኖርዌይ የምንኖር ሰዎች ይህን ለማየት መንገድ አለን። እ.ኤ.አ. በ1979 የተመሠረተው ፎርቡንደት ኪስተን የተባለው የባሕር ዳርቻ ባህል ማኅበር በየአካባቢው ቅርንጫፎች አሉት፤ እንዲህ ባሉ ጀልባዎች መቅዘፍ የሚወዱ ሰዎች የሚገኙትም እዚያ ነው። ጀልባውን ከወደብ ቆሞ ማድነቅ ግማሽ አድናቆት ነው። ጣውላው ስስ ሆኖ እንዲጸና ያደረገው የሠሪው ድፍረት ነው፤ ያ ድፍረት የሚገኘው በብዙ ዓመት ልምድ ነው፤ ለዚያ ዓመት ሁሉ ለተለማማጁም ለመምህሩም በቂ ደመወዝ የሚከፍል ኅብረተሰብ እንዲህ ያለ ጀልባ ይኖረዋል፤ የማይከፍል ግን ፎቶግራፉ ብቻ ይቀርለታል።