ለመውደቅ መልበስ

ከሙዱላ ወደ ሀደሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ጥቂት ቆም ብሎ የሚያልፉትን የተመለከተ እንግዳ ሄልሜት የክርን መከላከያ ሊመስለው ይችላል። አንዱ ሞተረኛ ማሰሪያውን ክንዱ ላይ አጥልቆት ያልፋል። ሌላው ስፖኪዮው ላይ ሰቅሎታል፤ ሦስተኛው ነዳጅ ታንከሩ ላይ አስቀምጦ በጉልበቱ ደግፎታል። «ትራፊክ ቆሟል» የሚል ወሬ ከፊት ሲመጣ ሁሉም ይደፉታል፤ ፖሊሱን ሲያልፉ ሄልሜቱ ወደ ክርን ይመለሳል። ከኋላ የተቀመጠው ተሳፋሪ የሚደፋውም የሚያወልቀውም ስለሌለው ዝም ብሎ ይጠብቃል።

ልማዱን ስንፍና ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን በሞተር እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝና ምክንያቱን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ዝንጅብል በማዳበሪያ ጆንያ ጭነህ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ስትወጣ ሄልሜት ውስጥ ያለ ራስ ይቀቀላል። ተሳፋሪው «ወንድሜ፣ እዚህ ጋ አውርደኝ» ሲል በደንብ አይሰማህም። ደንበኛ ደግሞ የሚያውቅህ በፊትህ ነው፤ ፊትህ ከተሸፈነ መንገድ ዳር የቆመችው ሴት ሌላውን ትጠራለች። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ከሥሩ ያለው እምነት ግን ልክ አይደለም። ሄልሜት በአስፋልት ለሚበር ሰው እንጂ በኮሮኮንች በ30 እና በ40 ለምንሄደው አልተሠራም ብለን እናስባለን።

ሒሳቡን እንሥራው። ሞተር ላይ የተቀመጠ ሰው ራስ ከመሬት 1 ሜትር ከ60 ገደማ ከፍ ይላል። ሞተሩ ቆሞ ሳለ እንኳ ሰውየው ወደ ጎን ቢወድቅ፣ ራሱ መሬት ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት ወደ 20 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ድንጋይ የራስ ቅልን ለመስበር ከዚህ የበለጠ ፍጥነት አይጠይቅም። በ40 እየሄዱ ግንብ መግጨት ደግሞ ከ6 ሜትር ከፍታ ቁልቁል መውደቅ ነው። በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሃሪ ኸርት ቡድን በሎስ አንጀለስ አካባቢ 900 የሞተር አደጋዎችን በቦታው ተገኝቶ መርምሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1981 አሳትሟል። በግጭቱ ቅጽበት የነበረው መካከለኛ ፍጥነት በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። የአሜሪካ ሰፊ አውራ ጎዳና ላይ ይህ ከሆነ፣ የእኛ የሀደሮ መንገድ ፍጥነት ከአደጋ ውጭ ነው ማለት አይቻልም። በዚያው ጥናት አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች ከመቶው 92ቱ መንዳትን የተማሩት በራሳቸው ወይም ከዘመድና ከጓደኛ ነበር። እኛስ ከማን ተማርን? ታላቅ ወንድም ክላቹን ያሳያል፣ ሜዳ ላይ ሁለት ዙር ያዞራል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሰው እንጭናለን።

እኔ የወደቅሁት ዝናብ ካባራ በኋላ ነው። ቀይ አፈር የሚያሟልጨው ዝናቡ እየወረደ ሳለ ብቻ አይደለም፤ ካቆመም በኋላ ላዩ ጠገግ ብሎ ውስጡ ሲርስ ይብሳል። ቁልቁለቱን ስጨርስ ከእንሰቱ መሃል ጥጃ ብቅ አለች። ፍሬን ያዝኩ፤ የፊቱ ጎማ ከዳኝ። ሰዎች እንዲህ ያለ ጊዜ ሁሉም ነገር ቀስ ብሎ ይታያል ይላሉ። ለእኔ እንደዚያ አልነበረም። ጥጃዋን አየሁ፣ ቀጥሎ ያየሁት ሰማዩን ነው። በመካከሉ በግራ ጎኔ ወድቄ፣ በእጄ መሬቱን ተመርኩዤ ተንሸራትቼ፣ ራሴ የመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ አርፏል። ይህን ያወቅሁት ከማስታወሴ አይደለም፤ በኋላ ልብሴንና ሄልሜቱን አንብቤ ነው።

የትከሻዬ አጥንት ተሰበረ። ይህን የሚከለክል ልብስ የእኛ አቅም የሚገዛው አይደለም፤ ስለ መከላከያ የሚያወራ ሰው ይህን ደብቆ ማውራት የለበትም። ሌላው ግን ይነበባል። የቀኝ ጓንቴ መዳፍ ተፍቆ ሳስቷል፤ ከሥሩ ያለው ቆዳ ቀላ እንጂ አልተላጠም። ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚልከው እጁን ነው። ያለ ጓንት ያ እጅ ጠጠርና አፈር ይጎርሳል፤ መዳፍ የተላጠበት ሰው ደግሞ እስኪድን ክላች አይጨብጥም፣ ፊቱን አይታጠብም፣ እንጀራ አይቆርስም። የእኛ አፈር የከብት መንገድ አፈር ነው፤ ቁስል ውስጥ ሲገባ መንጋጋ ቆልፍ ያመጣል። ስለዚህ ከወደቁ በኋላ ጤና ጣቢያ የሚሄዱት ለስፌት ብቻ አይደለም፣ ለክትባቱም ነው። ከላይ የለበስኩት የቆዳ ጃኬት ከሰልባጅ የተገዛ፣ እጅጌው የረዘመብኝ ነበር። ግራ ክርኑ ተቦድሷል፤ የእኔ ክርን አለ።

ሄልሜቱን ጣልኩት ማለት ይቀለኝ ነበር፤ ግን በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቅሁት። ላዩ ላይ ጭረት እንጂ ትልቅ ነገር አይታይም። ውስጡ ያለው ነጭ ፎም ግን ድንጋዩን ባገኘበት ቦታ አውራ ጣት ያህል ተረግጦ ገብቷል። የሄልሜት ሥራ ያ ነው። ጠንካራው ሽፋን ጉልበቱን ይበትናል፤ ራስን የሚያድነው ግን ያ ቴሌቪዥን ሲገዛ ከካርቶኑ ውስጥ የሚወጣው ዓይነት ነጭ ፎም ነው። ራስ ባዶውን ድንጋይ ቢመታ በሁለት ሚሊ ሜትር ውስጥ ይቆማል፤ ፎሙ እየተሰባበረ ያንን ርቀት ወደ ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲያረዝመው በአንጎል ላይ የሚያርፈው ጉልበት ወደ አስረኛው ይወርዳል። ፎሙ አንዴ ከተረገጠ ወደ ቦታው አይመለስም። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተመታ ሄልሜት ላዩ ቢያምርም ሥራውን ጨርሷል።

የተሰነጠቀውን ለጎረምሳ ሞተረኞች ሳሳይ ሁሌም የራሳቸውን ገልብጠው ያያሉ። ያኔ ነው ነገሩ የሚወጣው። ገበያ ላይ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ውስጣቸው ስፖንጅ ብቻ ነው። በአውራ ጣት ስትጫነው ገብቶ ተመልሶ የሚነፋ ከሆነ ትራስ ገዝተሃል። ጨርቁን ገለጥ አድርገህ ጠንካራውን ነጭ ፎም ካላገኘህ ያለህ የፕላስቲክ ቆብ ነው። በክብ ውስጥ «ኢ» የሚል የላቲን ፊደልና ቁጥር ያለበት የአውሮፓ ምልክት ጥሩ ነው፤ ምልክትን ግን ማተሚያ ቤትም ይሠራዋል፣ ጣትህን እመን። ሌላው ማሰሪያው ነው። አገጭ ሥር ያልታሰረ ሄልሜት ከነጂው ቀድሞ ነው የሚወድቀው። አስረኸው ከኋላ በኩል ወደ ላይ ግፋው፤ ግንባርህ ላይ ከተገለበጠ ወይ ሰፊ ነው ወይ አላሰርከውም።

ይህ ሁሉ ዕውቀት ዕድሜው ረጅም አይደለም። የአረቢያው ሎሬንስ እየተባለ የሚታወቀው እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 ቤቱ አጠገብ ሞተሩን እየነዳ ሳለ መንገዱ ጎድጎድ ባለበት ተሰውረው በብስክሌት ሲሄዱ የነበሩ ሁለት ልጆች ድንገት ተከሰቱበት። ሊያመልጣቸው ሲል ወደቀ፤ ራሱ ላይ ምንም አልነበረም፤ ከ6 ቀን በኋላ ሞተ። ካከሙት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ የተባለ የአንጎል ቀዶ ሐኪም ነበር። ኬርንስ ነገሩን አልተወውም። በራስ ጉዳት የሚሞቱ ሞተረኞችን ሲያጠና ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1941 ስለ ሄልሜት ጥቅም ጽሑፍ አሳተመ፤ በዚያው ዓመት የብሪታኒያ ጦር መልእክተኛ ሞተረኞቹ ሄልሜት እንዲለብሱ አዘዘ። ለሕዝቡ በሕግ ግዴታ የሆነው ግን እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ከዚያ በኋላ በብዙ አገር የተሠሩ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ግምገማ ሄልሜት የመሞትን አደጋ በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ አግኝቷል። እኛም አገር ሕግ አለ፤ ያለ ሄልሜት መንዳትን ጥፋት አድርጎታል። ሕጉ ያስተማረን ግን መቼ እንደምንደፋው ነው።

ሎሬንስን ሳነብ የያዘኝ ሞቱ አይደለም፣ ልጆቹ ናቸው። ጎበዝ ነጂ ነበር፣ መንገዱንም ያውቀዋል። ችሎታ ጥጃዋንና ልጁን ከመንገድ አያስወጣም። መውደቅ እንደ ካቴና መላላትና እንደ ጎማ መፈንዳት የሥራው ክፍል ነው፤ ካቴናውን በየጊዜው የሚያጠብቅ ሞተረኛ ለምን ለመውደቅ እንደማይለብስ ነው ያልገባኝ። «ሟርተኛ» የሚሉኝ አሉ። ትርፍ ካንዴላ ኪሱ የያዘን ሰው ግን ማንም ሟርተኛ አይለውም።

ደግሞ እኛ ጋ ሞት ብቻ አይደለም ሒሳቡ። የእግር መሰበር ቤት ያፈርሳል። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወጌሻ ዘንድ ነው፤ ወለምታንና ቀላል ስብራትን ያሹት፣ የረዱን ወጌሾች አሉ፣ አልክድም። ነገር ግን ያበጠ እግር በቀርቀሃ ጥብቅ ተደርጎ ሲታሰር ደም ይቆማል፤ ጣቶቹ ይጠቁራሉ፤ ሊድን የሚችል እግር በጋንግሪን ይቆረጣል። ጣት ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ከጠቆረ እስሩ የሚፈታው ወዲያውኑ ነው፣ ነገ አይደለም። የጭን አጥንት የተሰበረ ሰው ከእኛ ወደ ሆሳዕና ወይም በአረካ በኩል ወደ ሶዶ ይሄዳል። በሶዶ ክርስቲያን ሆስፒታል አጥንት ውስጥ የሚገባውን የሳይን ብረት ይጠቀማሉ፤ ዶክተር ሉዊስ ዘርክል እ.ኤ.አ. በ1999 የመሠረቱት የአሜሪካ ድርጅት ቀዶ ሕክምናው እየተካሄደ የሚያሳይ ውድ የራጅ መሣሪያ ለሌላቸው ሆስፒታሎች ብሎ የሠራው ነው። ጥሩ ሕክምና ነው። ቢሆንም ታማሚው ወራት ይተኛል፣ አስታማሚው ሥራ ይፈታል፣ በሬው ይሸጣል።

ለእግር የምመክረው ከስክስ ጫማ ነው፤ ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን፣ የታሰረ። በሸበጥ የሚነዳ ሰው ሞተሩ እግሩ ላይ ሲወድቅ በጣቶቹና በብረቱ መካከል ምንም የለውም። ጂንስ ጥቅሙ ከብርድ ነው እንጂ አስፋልት ላይ ሲፈተግ ከአንድ ሰከንድ በታች ሊቦደስ ይችላል። ገንዘብ ያነሰው ሰው በምን ይጀምር ካሉኝ ሄልሜት አዲስ፣ ሌላው አሮጌ ይሁን እላለሁ። የሌላ ሰው ሄልሜት ምን እንደመታው አይታወቅም፤ ያገለገለ ጃኬትና ከስክስ ግን ሰልባጅ ተራ ሞልቷል። ለጓንት የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጡ ሱቆች የበያጅ ቆዳ ጓንት አላቸው። ደረቅ ነው፣ መጀመሪያ ፍሬኑን ለመጨበጥ ያስቸግራል፤ ቅባት እየቀቡ ሲለብሱት ይለሰልሳል።

የወደቅሁ ቀን ከኋላዬ የነበረው ዝንጅብል ነው። ጆንያው ተቀዶ መንገዱ ላይ ተበተነ፣ ልጆች ለቅመው ሰጡኝ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ የማስበው ስለዚያ መቀመጫ ነው። ተሳፋሪ መሪ አይጨብጥም፣ ጥጃዋን ቀድሞ አያይም፣ ሰውነቱን አያዘጋጅም። ብዙ ጊዜ የምትቀመጠው ሴት ናት፤ ልጅ አዝላ፣ ዘንቢል ይዛ፣ የነጠላዋ ጫፍ ወደ ካቴናው ተንጠልጥሎ። ከመነሳቴ በፊት ነጠላዋን ወገቧ ላይ ማሰሯን ማየት ልማዴ ነው፤ ማርሚታው ባት እንዳያቃጥልም በየት በኩል እንደምትወርድ እነግራታለሁ። ሁለተኛ ሄልሜት ግን ስይዝ ጠብ ተጀመረ።

«ቅማል ይኖረዋል» ይላሉ። የተሳሳቱ አይደሉም፤ ሃምሳ ሰው የለበሰውን ማን ይለብሳል? በሩዋንዳ ኪጋሊ ተሳፋሪ ሄልሜት ሳይለብስ አይጫንም፤ እዚያም ይኸው ጥያቄ ስለተነሳ ከሄልሜቱ ሥር የሚደረግ ስስ የፀጉር መሸፈኛ ይሰጡ ነበር። እኔ ከልብስ ሰፊ ዘንድ ከቀጭን አቡጀዲ ትናንሽ ቆቦች አሰፋሁ፤ ታጥበው የሚመለሱ። ሹሩባ ለተሠራች ሴት አንድ ቁጥር ሰፋ ያለው ይሻላል፤ ጠባቡ ያማታል፣ እሷም ታወልቀዋለች። ሽማግሌዎች ቆባቸውን ማውለቅ አይወዱም፤ ለእነሱ ጊዜ ይጠይቃል፣ «አባባ፣ እኔን ፖሊስ እንዳይቀጣኝ ብለው» ሲባሉ ግን እሺ ይላሉ።

ጓደኞቼን ሄልሜት ለሚለብስ ተሳፋሪ ከታሪፉ ትንሽ እንቀንስ ብያቸው ሳቁብኝ። አንዱ «እኛ እየተከራከርን ሰውየው በእግሩ ሀደሮ ይደርሳል» አለ። ሌላው ግን ማታ ብቻውን መጥቶ አቡጀዲውን በስንት ሜትር እንደገዛሁ ጠየቀኝ።