ክብ ተቀምጦ ነጠላ ስም መሸለም፦ የኒዋኖ የሰላም ሽልማት ከደሴና ከኮምቦልቻ ሲታይ

የሰላም ሽልማት ሲነሳ እኛ ዘንድ የሚታወሰው ኖቤል ብቻ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኖቤል ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ብዙዎቻችን ፈነጠዝን፤ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ደግሞ ያንኑ ሽልማት ረገምን። ሁለቱም ከአንድ ስሕተት የተነሱ ናቸው፤ ሽልማት ሰላም መኖሩን ያረጋግጣል ብለን ማመናችን። ሽልማት የሚያሳየው የሸላሚውን ዐይን ነው፤ ምን እንደሚያይና ምን እንደሚያመልጠው።

እዚህ የምመረምረው ዐይን ከኖቤል ይልቅ ደሴና ኮምቦልቻ ላሉበት ለወሎ የሚቀርብ ሆኖ ሳለ አገራችን ውስጥ ስሙ እንኳ የማይነሳ ነው። የኒዋኖ የሰላም ሽልማት ይባላል። የሚሰጠው ቶኪዮ ያለው የኒዋኖ የሰላም ፋውንዴሽን ሲሆን፣ ፋውንዴሽኑ በ1978 ተቋቁሞ የመጀመሪያውን ሽልማት የሰጠው በ1983 ነው (ዓ.ም. ያልተጨመረባቸውን ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)። ስሙን ያገኘው ከኒኪዮ ኒዋኖ ነው። ኒዋኖ ከገጠር ወደ ቶኪዮ የመጣ ወተት ነጋዴ ነበር። በ1938 ሚዮኮ ናጋኑማ ከምትባል ሴት ጋር ሆኖ ሪሾ ኮሴይ-ካይ የተባለውን የምእመናን ማኅበር መሠረተ። ማኅበሩ የቆመው የሎተስ ሱትራ በሚባለው የቡድሃ እምነት መጽሐፍ ላይ ነው። ሽልማቱ ሜዳሊያና 20 ሚሊዮን የን አለው። መስፈርቱም ግልጽ ነው፤ ከሌላ ሃይማኖት ሰዎች ጋር ተባብሮ ለሰላም መሥራት።

ይህን መስፈርት እወደዋለሁ። ፖለቲከኛ ተፈራርሞ ስለተጨባበጠ ብቻ አይሸለምበትም። የመጀመሪያው ተሸላሚ ብራዚላዊው የካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ ሄልደር ካማራ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሙስሊም፣ አይሁድ፣ ሂንዱ፣ ሉተራን ተሸልሟል። የቡድሃ ተከታዮች ያቋቋሙት ሽልማት ለራስ ወገን ብቻ አለመሆኑ ከመጽሐፋቸው የመጣ ነው። ሱትራው ውስጥ ማንንም የማይንቅ ተብሎ የሚታወቅ አንድ መነኩሴ አለ። መጽሐፍ ከማንበብ ይልቅ መንገድ ላይ ላገኘው ሰው ሁሉ እጅ እየነሳ፣ አንተ ወደፊት ቡድሃ ትሆናለህና አልንቅህም ይላል። ሰዎች በዱላና በድንጋይ ሲያባርሩት ሮጦ ፈንጠር ይልና ከዚያ ሆኖ ያንኑ ይደግማል። ይህ ሰው ድርጅት የለውም፤ ጉባኤ አልጠራም፤ መግለጫ አላወጣም። መጽሐፉ ያከበረው ስለዚያ እጅ መንሳት ብቻ ነው።

ከሱትራው በላይ ግን ለወሎ ሰው ቅርብ የሚሆነው ማኅበሩ በየዕለቱ የሚኖርበት ሥርዓት ነው። ሆዛ ይሉታል። ምእመናን ወለል ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። አንዷ ከአማቷ ጋር ያላትን ጠብ፣ አንዱ የልጁን ስካር፣ ሌላው ዕዳውን ይናገራል። የተቀመጠው ያዳምጣል፣ የራሱንም ያወጣል፤ መሪዋ ነገሩን ከቡድሃ ትምህርት ጋር እያገናኘች ተናጋሪው በችግሩ ውስጥ የራሱን ድርሻ እንዲያይ ትረዳዋለች። ሪሾ ኮሴይ-ካይን በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው የተከተለው በስብከት ብዛት ሳይሆን በዚህ ክብ ነው ብዬ አምናለሁ።

በቃሉ፣ በተሁለደሬ፣ በወረባቦ ወይም በደሴ ሰፈሮች ወዳጃ በሚባለው የዱዓ ክብ ተቀምጦ ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ እንግዳ አይሆንበትም። ምንጣፉ ይነጠፋል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ጫቱ ዱዓ ተደርጎበት ይታደላል፤ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ይወርዳል። ችግር ያለበት ችግሩን ይናገራል፤ የታመመ ልጅ፣ የጠፋ ከብት፣ ከጎረቤት ጋር የተያዘ ቂም። መሪው ዱዓ ሲያደርግ የተቀመጠው ሁሉ መዳፉን ዘርግቶ አሚን ይላል። ማተብ ያሰረች ጎረቤት ካለች እሷም ከመሀል ሆና ትቀበላለች እንጂ ውጡ የሚላት የለም። ሴቶቹ፣ ዱበርቲዎቹ፣ የራሳቸው ወዳጃ አላቸው። ነገሩ ቂም ሲሆን ምርቃት ብቻ አይበቃም፤ ባለቂሞቹ ተጠርተው ይጠየቃሉ።

ደም ከፈሰሰ ደግሞ ወደ አበጋር ይኬዳል። አበጋርነት በትውልድ የሚወረስና በሃይማኖታዊ ክብር ላይ የቆመ ሽምግልና ነው። የገዳይና የሟች ወገን ለየብቻ ይደመጣል፤ እውነቱ ይጣራል፤ ካሳው ይቆረጣል፤ ከብት ታርዶ ትናንት የሚፈላለጉ ሰዎች ከአንድ ገበታ ይቀርባሉ። ማሰሪያው ምርቃትና እርግማን ነው፤ ዕርቁን ላጸና ምርቃት፣ ላፈረሰ እርግማን። ከወሎ ደቡብ ምሥራቅ ያለውን የጥሩ ሲናን መካነ ዱዓ ያጠናችው ሜሮን ዘለቀ በ2015 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዲህ ያለው ሥርዓት ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም እንደሚዳኝ አሳይታለች።

እንግዲህ የኒዋኖ ሽልማት ጉድለት ከራሱ ቤት የሚነሳ ነው። ክብ ተቀምጦ የሚኖር ማኅበር፣ ሲሸልም ክቡን ትቶ አንድ ስም ይፈልጋል። ደንቡ ተሸላሚው ግለሰብ ወይም ድርጅት ይሁን ይላል። የተሸላሚዎቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ያነበበ ሰው የሚያገኘው ሊቃነ ጳጳሳትን፣ የሥነ መለኮት ምሁራንን፣ የዮርዳኖሱን ልዑል ሐሰን ቢን ጠላልን፣ የድርጅት መሥራቾችን ነው። ሁሉም ይገባቸዋል፤ ሐንስ ኩንግ በ2005 ወይም ጆን ፖል ሌደራክ በ2019 መሸለማቸውን የምከራከር አይደለሁም። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ወደ ቶኪዮ ከመሄዳቸው በፊትም በመጽሐፋቸውና በመንበራቸው የታወቁ ነበሩ። ማኅተምና የደብዳቤ ራስጌ የሌለው ሰላም በዚህ መንገድ አይታይም። አበጋሩ ዓመታዊ ሪፖርት አይጽፍም። ቅሬው፣ የቀብር ዕድሩ፣ መዝገብ አለው፤ መዝገቡ ግን የሚናገረው ማን እንዳዋጣና ማን ከቀብር እንደቀረ ነው። ዱበርቲዎቹ ፎቶግራፍ ፊት ቆመው አያውቁም። እስካሁን ከኢትዮጵያ ማንም አለመሸለሙ ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል።

የሚያናድደው፣ የሽልማቱ ኮሚቴ ሲፈልግ ማየት የሚችል መሆኑ ነው። በ2004 የሸለመው በሰሜን ዩጋንዳ ያለውን የአቾሊ የሃይማኖት መሪዎች የሰላም ኅብረት ነበር። ካቶሊኩ፣ አንግሊካኑ፣ ኦርቶዶክሱና ሙስሊሙ አንድ ላይ ቆመው፣ በጌታ ተከላካይ ሠራዊት ታጣቂዎችና በመንግሥት መካከል ገብተው፣ ታጣቂዎች በምሕረት እንዲመለሱ የሚፈቅደው የ2000 ሕግ እንዲወጣ ታገሉ። በ2003 ከጠለፋ ሸሽተው ጉሉ ከተማ መጥተው ሜዳ ላይ ከሚያድሩት ሕፃናት ጋር ሊቀ ጳጳሱና ሌሎቹ መሪዎች አራት ሌሊት አብረው አደሩ። ማንንም ያልናቀው መነኩሴ ከዚህ የተሻለ ተከታይ አግኝቷል ብዬ አላስብም፤ ከሽልማቱ ታሪክ አንድ ብቻ አስቀር ብባል ይህን አስቀራለሁ። ከኅብረቱ ጀርባ ደግሞ ገዳይና የተበደለ ወገን መራራ ሥር አብረው የሚጠጡበት የአቾሊዎች የማቶ ኦፑት ዕርቅ አለ። ለአበጋር ገበታ የቅርብ ዘመዱ ነው። ጉሉ ላይ የታየው ቃሉ ላይ ያልታየው አቾሊዎቹ ኅብረት ስላቋቋሙና ስም ስላወጡለት ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህኛው ይከብዳል። ሪሾ ኮሴይ-ካይ ኢትዮጵያን አያውቅም ማለት አይቻልም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ፣ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር የነበረችው ኮረም በዓለም ቴሌቪዥን ስትታይ፣ ጃፓን ውስጥ ለአፍሪካ ብርድ ልብስ የመላክ ዘመቻ ተጀመረ። ማኅበሩ ከዋናዎቹ ተሳታፊዎች አንዱ ነበር። ለጋሾቹ በብርድ ልብሱ ላይ መልእክት የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ ይሰፉ ነበር። ምእመናኑ ምግብ እየዘለሉ ዋጋውን ለችግረኛ የሚሰጡበት ሥርዓትም አላቸው። በሮመዳንና በሁዳዴ የሚጾም ወሎዬ ይህን በደንብ ይረዳዋል። ያንን ጨርቅ የሰፋውን እጅ አመሰግናለሁ። ሆኖም ያ ዘመን የወሎን መልክ በዓለም ዐይን ውስጥ ቆልፎታል፤ የሚረዳ እንጂ የሚጠየቅ አገር አልሆነም። ርሃብተኛው የአበጋር ልጅ ሊሆን እንደሚችል፣ ከመጠለያው ድንኳን ውስጥም ዱዓ እንደሚደረግ ካሜራው አላሳየም።

የእኛ ጥፋት ግን ከጃፓኖቹ ይበልጣል። በየበዓሉ መድረክ ወሎ የፍቅር አገር ነው ይባላል፤ ከአንድ ቤት ሙስሊምና ክርስቲያን መውጣቱ ይነገራል፤ ይጨበጨባል። ውዳሴው ሰላሙ ከጦሳ ተራራ እንደሚወርድ ምንጭ በራሱ የሚፈልቅ ያስመስለዋል። ይህ ምስጋና ሳይሆን ሠሪውን መካድ ነው። ሌሊት ተነስተው ሟችና ገዳይ ቤት የተመላለሱ ሽማግሌዎች፣ ቀብር ላይ ማን ይቆፍራል ማን ድንኳን ይተክላል ብለው የሃይማኖት ልዩነቱን በሥራ ክፍፍል ያቻቻሉ የቅሬ ዳኞች የሠሩት ሥራ ነው። ሥራ ስለሆነም ሊበላሽ ይችላል። ከደሴ አፍንጫ ሥር ባለችው ቦሩ ሜዳ በ1870 ዓ.ም. የተካሄደው ጉባኤ ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ ወስኖ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በወሎ ሙስሊሞች ላይ የወረደውን አልዘረዝረውም። የታሪክ ምሁሩ ሑሴን አሕመድ በ2006 ባወጣው ጽሑፍ፣ ስለ ክርስቲያንና ሙስሊም መቻቻል የሚወራው ሁሉ እንደገና መመዘን እንዳለበት ተከራክሯል። ወሎን ከማንም በላይ ያጠና ሰው ነው፤ ያን ያለው አገሩን ጠልቶ አልነበረም። የመድረክ አወዳሾቻችን ጽሑፉን ያነበቡ አይመስሉም።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የደሴ ሙዚየም መዘረፉ፣ ኮምቦልቻ ያለው የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጋዘን ተዘርፎ ሥርጭት መቆሙ ተመዝግቧል። መመዝገቡም ተገቢ ነው። በዚያው ልክ ከጦርነቱ በኋላ በየሰፈሩ አንተ አሳልፈህ ሰጠኸኝ፣ አንተ ዘረፍከኝ የሚለውን ክስ የሚሰማው ቅሬና ሽማግሌ ሥራ መመዝገብ ነበረበት። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ አለው። ከዚህ የሚቀድም የምርምር ርእስ አይታየኝም።

እንዲህ ስል ነገ ወሎ ለኒዋኖ ይታጭ ማለቴ አይደለም። ወሎ በጅምላ ቢታጭ የመድረኩ ውዳሴ ወደ ቶኪዮ ተላከ ማለት ብቻ ይሆናል። ቢታጭ መታጨት ያለበት አንድ የታወቀ የዕርቅ ሥርዓት፣ የታረቁት ሰዎች የሚመሰክሩለት፣ ጉድለቱም ያልተደበቀ ነው። ጉድለት አለውና። ዕርቅ እንቢ ያለን ሰው ቅሬው ያገለዋል፤ እሳት አይጫርለትም፣ ሬሳው አይነሳለትም። የሰላሙ ጉልበት ከዚህ ይመጣል፣ ግፊያውም ከዚህ ይመጣል። ልጇ የተገደለባት እናት ካሳው በወንዶች መካከል ሲቆረጥ ብዙውን ጊዜ ከጓዳ ሆና ትሰማለች። ጎረቤቷ በቅሬ ፍራቻ ታረቂ ሲላት እንቢ የማለት መብቷ ምን ያህል ነው? የኒዋኖ ኮሚቴ በ2015 የሸለማት ናይጄሪያዊቷ ፓስተር አስቴር ኢባንጋ ጆስ ከተማ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ሴቶችን ያሰባሰበችው ሴት ከዕርቁ ጓዳ መቅረቷን ስላልተቀበለች ነው። የዕጩነት ፋይላችን ቶኪዮ ቢደርስ ከሴቶች ወገን የሚነሳው ጥያቄ የመጀመሪያው ይሆናል፤ መልሱን መስጠት ያለባቸውም የአበጋሩ ሽማግሌዎች ብቻ ሳይሆኑ፣ ራሳቸው ክብ ሠርተው የሚቀመጡት ዱበርቲዎች ናቸው።