ሆሞ ፋበር ዕድር አልነበረውም

ጀርመንኛ በሚነገርባቸው የስዊስ ከተሞች ልጅ የሚያስተምር ወገን አንድ ቀን በልጁ ቦርሳ ውስጥ «ሆሞ ፋበር» የተባለውን መጽሐፍ ሊያገኘው ይችላል። ደራሲው የዙሪኩ ሰው ማክስ ፍሪሽ ነው። የታተመው እ.ኤ.አ. በ1957 ሲሆን ርእሱ በላቲን «ሠሪው ሰው» እንደ ማለት ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ መሐንዲስ ነው። እኔም በሙያዬ መሐንዲስ፣ በዕድሜዬም አርባዎቹን እያገባደድኩ ወደ እሱ እየተጠጋሁ ያለሁ ሰው ስለሆንኩ መጽሐፉን እንደ ክስ ወረቀት ነው ያነበብኩት። ክሱን በከፊል እቀበላለሁ፤ በከፊል ግን እከራከራለሁ።

ላላነበበው ታሪኩን ባጭሩ ልንገር። ዋልተር ፋበር የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። ለዩኔስኮ ይሠራል፤ ተርባይን ለማስተከል ከአገር አገር ይበራል። ዕጣ ፈንታ፣ ሕልም፣ ምልክት የሚባል ነገር አያምንም፤ የይሆናል ስሌት ይበቃዋል። በመርከብ ጉዞ ላይ ከአንዲት ወጣት ጋር ይዋደዳል፤ የገዛ ልጁ መሆንዋን አያውቅም። ግሪክ አገር ልጅቱን እባብ ይነድፋታል። እሱም በእባብ ከተነደፉት ውስጥ የሚሞቱት ከመቶ ከሦስት እስከ አሥር ብቻ መሆናቸውን እያሰበ ይጽናናል። ልጅቱ ትሞታለች። አንዲት ልጅ ላለችው አባት መቶኛ ምን ይጠቅመዋል? ፋበር ራሱም የሆድ ካንሰር ይዞት፣ በሽታውን እንዳላየ ሲያልፈው ኖሮ፣ በመጨረሻ አቴንስ ሆስፒታል ተኝቶ ቀዶ ሕክምና ይጠብቃል። ማለዳ ሊወስዱት ሲመጡ ማስታወሻው ያበቃል።

ከዚህ በቀላሉ የሚወሰደው ትርጉም «ቁጥር የሰው ልጅን ከሞት ጋር አያስታርቀውም፤ መሐንዲሱ ሕይወትን በመለካት ፈንታ መኖር ነበረበት» የሚል ነው። የልጅቱ እናት ሐናም በመጽሐፉ ውስጥ ወደዚህ ያዘነበለ ሐሳብ ትናገራለች። እኔ የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። ልብ ብሎ ያነበበ ሰው እንደሚያስታውሰው ልጅቱን የገደላት መርዙ አይደለም። ወድቃ ጭንቅላቷ ተሰብሮ ነበር፤ ሐኪሞቹ መርዙን ሲያክሙ ስብራቱን አላዩትም። ፋበር መውደቋን አልነገራቸውም። እንግዲህ ጥፋቱ የስሌት ነው ወይስ የመረጃ? እኛ ሙያተኞች እንዲህ ያለውን ነገር እናውቀዋለን፤ ቀመሩ ትክክል ሆኖ ከሚገባው ቁጥር አንዱ ሲጎድል ድልድይ ይወድቃል። ቀመሩን ግን ማንም አይከስም።

ፍሪሽ ራሱ ይህን ሳያውቅ የቀረ አይመስለኝም። በዙሪክ ፌዴራል ፖሊቴክኒክ ሥነ ሕንፃ ተምሮ የተመረቀ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1949 የተከፈተው የሌትዚግራበን መዋኛ የእሱ ንድፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ሲሞትም ስንብቱ አስቀድሞ እንደወሰነው ነበር የተፈጸመው፤ በዙሪኩ ቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን፣ ያለ ቄስ ቡራኬ፣ ወዳጆቹ ንግግር አድርገው። ይኸ እንግዲህ ሞቱን የነደፈ ሰው ነው። ለፋበር ግን ይህን ነፈገው። ፋበር የጎደለው እምነት ነው ወይም ስሜት ነው ሲሉ እሰማለሁ፤ በእኔ ንባብ የጎደለው አብሮት የሚያሰላ ሰው ነው። ዕድር አልነበረውም።

ይህን ስል ቀልድ የሚመስለው ይኖራል። ዕድር ግን ከላይ እስከ ታች ስሌት ነው። ወርኃዊ መዋጮ፣ ደንብ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የድንኳንና የብረት ድስት ቆጠራ፣ ለቅሶ የቀረ ሰው የሚከፍለው ቅጣት። ማን መጀመሪያ እንደሚሞት ማንም አያውቅም፤ ሁሉም እንደሚሞት ግን ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ይዋጣል። ከዚህ የበለጠ ጥርት ያለ የይሆናል ስሌት ፋበር ሠርቶ አያውቅም። ልዩነቱ፣ እሱ ሞት እንዳይደርስበት ያሰላል፤ ዕድርተኛው ሞት ሲደርስ ቤቱ ባዶ እንዳይሆን ያሰላል።

ስዊሶችስ አያሰሉም ወይ? አሳምረው ነው እንጂ። እ.ኤ.አ. የ1874ቱ ሕገ መንግሥታቸው የመቃብር ቦታን ለመንግሥት ባለ ሥልጣናት ሰጥቶ ማንኛውም ሟች በክብር እንዲቀበር አዘዘ። ዙሪክ ነዋሪዎቿን በነፃ ትቀብራለች፤ ተራው መቃብር ሃያ ዓመት ከሞላው በኋላ ሊነሣና ለሌላ ሰው ቦታ ሊለቅ ይችላል። ለእኛ ሰው ይህ መርዶ ነው፤ እኔ ግን ክፋት አላይበትም። ድንኳን የሚተክል ጎረቤት ባይኖርም ማዘጋጃ ቤቱ ሳጥኑን ይሰጣል። ሬሳ ለመሸኘት ስልክ እየደወልን የምናዋጣ እኛ ልንንቀው የሚገባ ነገር አይደለም።

ከዙሪክ በባቡር ሦስት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ጄኔቭ ይገባል። እዚያ ሌላ መሐንዲስ ሞቷል፤ ይኸኛው የእውነት ሰው ነው። ሮበርት ሙዚል የሜካኒካል ምሕንድስና የተማረ ኦስትሪያዊ ደራሲ ነበር። ናዚዎች አገሩን ሲይዙ ተሰድዶ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 1942 ጄኔቭ ላይ በ61 ዓመቱ አረፈ። ለብዙ ዓመታት የደከመበት «ጠባይ የሌለው ሰው» የተባለው ልብ ወለዱ አላለቀም። የዚያም ገጸ ባሕርይ ምሕንድስናንና ሒሳብን ሞክሮ፣ አልሆን ሲለው ከሕይወት የአንድ ዓመት ፈቃድ ወስዶ ትርጉም ፍለጋ ይወጣል (መሥሪያ ቤቴ እንዲህ ያለ ፈቃድ ቢሰጥ ሰልፉን የምመራው እኔ ነበርኩ)። ትርጉሙን ማግኘቱን መጽሐፉ አይነግረንም፤ ደራሲው ሞተ። በማግስቱ ዓመት ባለቤቱ ማርታ የተረፈውን ጽሑፍ በራሷ ወጪ ሎዛን ላይ አሳተመችው። ከፍሪሽ ልብ ወለድ ይልቅ ለጥያቄዬ መልስ የሚጠጋው ይኸ የማርታ ሥራ ነው። ሟቹ ያላለቀውን ለሚያነሣ ሰው ትቶ ሄደ።

የእኛን ነገር ግን ማር አድርጌ አላቀርብም። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ ጉዱ ካሳን ያውቀዋል። እውነት በመናገሩ እብድ ተብሎ የኖረው ለቅሶ በሚደረስበት፣ ጎረቤት ለጎረቤት በሚያለቅስበት አገር ነው። ሲኖር ያገለሉትን ሰው ሲሞት ማልቀስ እንችልበታለን። በስደትም ይኸው ይቀጥላል፤ ሥራ አጥቶ፣ ታሞ፣ አፓርታማው ውስጥ ለብቻው የሚከርመውን ሰው ስልክ የምንደውልለት ለመርዶው ነው።

እኔ ባለሁበት አነስተኛ ማኅበር ደንቡ በዚህ ዓመት እንደገና እየተጻፈ ነው። ሬሳ ወደ አገር ቤት መሸኛ ስንት ይሁን በሚለው ላይ ሦስት ስብሰባ አልቋል። እኔ ያቀረብኩት አንድ አንቀጽ ነው፤ ለታመመ አባል በሳምንት አንድ ጊዜ ተራ ይያዝ፣ ተራውን የቀረ እንደ ለቅሶ ቀሪ ይቀጣ የሚል። ገንዘብ ያዣችን፣ አክብሮት ይግባቸውና፣ «ይኼማ በቁጥር አይያዝም» አሉ። ሠንጠረዡን ሠርቼ ሰጥቻቸዋለሁ፤ ድምፅ ገና አልተሰጠበትም።