ስድስት ሰዎች፣ አንድ ልብስ

በዚህ እትማችን ስለ ፊልም ልናጫውታችሁ አስበናል። ሰንበት ወጥቶ ቴሌቪዥኑ ሲከፈትና ጄምስ ቦንድ ብቅ ሲል በብዙዎቻችን ቤት አንድ ክርክር ይነሣል። አባት ሮጀር ሙርን ያወድሳል። ታላቁ ልጅ ለፒርስ ብሮስናን ይከራከራል። ታናሹ ደግሞ ከዳንኤል ክሬግ በቀር ሌላ ቦንድ አላውቅም ይላል። በመጨረሻም «አባ፣ እውነተኛው የትኛው ነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አባትም «ልጄ፣ ፊልም አይደል? ሁሉም ውሸት ነው» ብሎ ይገላገላል።

እኛ ግን ጥያቄው እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይመስለንም። ስድስቱን ተዋናዮች ጎን ለጎን አቁመን ስንመለከት የምናየው ጨዋታ ብቻ አይደለም። ለሌላ ሰው የተሰፋ ልብስ አምጥተው «ልበስ» ሲሉት አንድ ሰው ምን ያደርጋል? እንዳለ ይለብሰዋል? ወይስ በልኩ ያስጠብበዋል፣ ያስረዝመዋል? ይህ ጥያቄ አዲስ አገር ለገባ ቤተሰብ ሩቅ አይደለም።

ታሪኩን ለማያውቁ ባጭሩ እናስታውስ። ጄምስ ቦንድን የፈጠረው እንግሊዛዊው ደራሲ ኢያን ፍሌሚንግ ነው። ፍሌሚንግ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በባሕር ኃይል የስለላ ክፍል ሠርቷል። የመጀመሪያውን የቦንድ መጽሐፍ «ካሲኖ ሮያል»ን ያሳተመው በ1953 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቦንድ የብሪታንያ መንግሥት ሰላይ ነው፤ መለያ ቁጥሩ 007፣ ለመግደልም ፈቃድ ያለው። ዋናው ተከታታይ ፊልም በ1962 በ«ዶክተር ኖ» ተጀምሮ እስከ 2021 ድረስ 25 ፊልሞች ወጥተውለታል። ከእነዚህም ሾን ኮነሪ 6፣ ጆርጅ ላዘንቢ 1፣ ሮጀር ሙር 7፣ ቲሞቲ ዳልተን 2፣ ፒርስ ብሮስናን 4፣ ዳንኤል ክሬግ 5 ሠርተዋል።

የተዋናዮቹን የትውልድ ቦታ የጠየቀ ሰው ይገረማል። ቦንድ የእንግሊዝ ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ከስድስቱ በእንግሊዝ ምድር የተወለዱት ሙርና ክሬግ ብቻ ናቸው። ኮነሪ ስኮትላንዳዊ፣ ላዘንቢ አውስትራሊያዊ፣ ብሮስናን አየርላንዳዊ ሲሆኑ ዳልተን በዌልስ ተወለደ። እንግሊዛዊው ጨዋ ሰው ብለን የምናደንቀውን ሰው ከስድስቱ አራቱ ከሌላ ቦታ መጥተው ነው የሠሩልን ማለት ነው።

ኮነሪ በ1930 በኤዲንበርግ ከተማ ከድኻ ቤተሰብ ተወለደ። ገና በልጅነቱ ትምህርቱን አቋርጦ ወተት በጋሪ አድሏል፤ በባሕር ኃይል አገልግሏል፤ የሬሳ ሣጥንም ወልውሏል። ለቦንድነት ሲመረጥ ፍሌሚንግ ደስ አላለውም ነበር። የመጀመሪያው ፊልም ዳይሬክተር ቴረንስ ያንግ ግን ኮነሪን ወደ ራሱ ልብስ ሰፊ ወሰደው፤ የጨዋ አበላልና አረማመድም አስለመደው። ሙሉ ልብሱ እንዲለምደው ለብሶት እንዲያድር አዝዞት ነበር ይባላል።

ታዲያ ኮነሪ ጨዋነቱን ተማረ እንጂ የድሮውን ሰው አላጠፋም። በ«ዶክተር ኖ» ከቁማር ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ስሙን ሲናገር አይቸኩልም። ሲነሣ ግን እርምጃው እንደ ነብር ነው። ከነጩ ሸሚዝ ሥር የሠራተኛ ጡንቻ፣ ከፈገግታውም ሥር ጭካኔ እንዳለ ተመልካች ይሰማዋል። ቦንድን ቦንድ ያደረገው ይህ ሁለትነት ነው። ፍሌሚንግም በኋላ ሐሳቡን ለወጠ፤ በ1964 ባወጣው መጽሐፍ ለቦንድ ስኮትላንዳዊ አባት ሰጠው። ልብሱ ሰውየውን ለወጠው፤ ሰውየውም ልብሱን ለወጠው።

ኮነሪ ሰልችቶት ሲተወው በ1969 ላዘንቢ መጣ። መኪና ሻጭና የማስታወቂያ ሞዴል የነበረ፣ በትልቅ ፊልም ተጫውቶ የማያውቅ ወጣት ነው። ሥራውን ለማግኘት የኮነሪ ጠጉር አስተካካይ ዘንድ ሄዶ ተስተካከለ። ከኮነሪ ልብስ ሰፊም ኮነሪ አሰፍቶ ያላነሣውን ልብስ ገዝቶ ለበሰ። በዚህ ብልሃት በሩ ተከፈተለት። ነገር ግን በፊልሙ አብዛኛው ክፍል ልብሱ የሌላ ሰው እንደሆነ ያስታውቃል። ቀልዱ ይቀዘቅዛል፤ ንግግሩ ይደርቃል። አበው «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ያሉት ይህንኑ ነው።

ሆኖም የፊልሙ መጨረሻ ላይ ያገባት ሴት በሠርጓ ዕለት መንገድ ላይ ትገደላለች። ላዘንቢ መኪናው ውስጥ አቅፏት ተቀምጦ፣ ለደረሰው ፖሊስ ዕረፍት እያደረገች ነው፣ አንቸኩልም ይለዋል። በዚያች ሰዓት የሚመስለው ሰው አልነበረውም፤ ኮነሪ በቦንድነቱ እንዲህ ያለ ሐዘን ተጫውቶ አያውቅምና። ስለዚህ ከራሱ አወጣው። ላዘንቢን የሚንቁ ሁሉ ለዚህች ደቂቃ ሲሉ ፊልሙን ደግመው እንዲያዩት እንመክራለን።

ሮጀር ሙር የለንደን ፖሊስ ልጅ ነው። በ1973 የመጀመሪያ ፊልሙ ሲወጣ 45 ዓመቱ ነበር፤ ከኮነሪም በሦስት ዓመት ይበልጣል። ሙር ኮነሪን መምሰል እንደማይችል ያወቀ ብልህ ሰው ነበር። በመጀመሪያ ፊልሙ ኮነሪ የታወቀበትን መጠጥ አያዝዝም፤ በሲጋራ ፈንታም ሲጋር ያጨሳል። ጡንቻውን ከማሳየት ይልቅ ቅንድቡን ያነሣል። አባቶቻችን የሚወዱት ለዚህ ይመስለናል፤ ቤተሰብ አብሮ ተቀምጦ የሚስቅበት ቦንድ ነውና። ጉድለቱም ከዚያው ይመጣል። ሙር ይሞታል ብሎ የሚሰጋ ተመልካች የለም። በ1985 በ57 ዓመቱ የመጨረሻውን ሲሠራ ደግሞ ልብሱ በግልጽ ሰፍቶት ነበር።

ከሙር ሥራዎች የምናስቀድመው በ1981 የወጣውን «ለዓይንሽ ብቻ» የተሰኘውን ነው። ፊልሙ የሚጀምረው በላዘንቢ ፊልም የሞተችው ሚስት መቃብር ላይ ነው። የአገራችን የእስራኤል ተዋናይ ሐይም ቶፖልም ግሪካዊ የኮንትሮባንድ ነጋዴ ሆኖ ከሙር ጎን ቆሟል፤ ፈንድቅድቅ ያለው ጨዋታውም ሙርን ያነቃቃዋል። በዚሁ ፊልም ቦንድ ገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ መኪና ከነነፍሰ ገዳዩ በእግሩ ገፍቶ ይጥላል። ሙር ይህ የእኔ ቦንድ አይደለም ብሎ ተከራክሮ ነበር። የልብሱን ልክ የሚያውቅ ሰው ነገር ይህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ደብቀን ማለፍ አንፈልግም። በ«ዶክተር ኖ» ቦንድ ካሪቢያናዊውን ረዳቱን ጫማዬን አምጣ ብሎ እንደ አሽከር ያዝዘዋል። በ1973ቱ የሙር ፊልም ደግሞ ጥቁሮቹ አብዛኞቹ ወይ ዕፅ ነጋዴ ወይ ጠንቋይ ናቸው። ይህን ልጆቻችን ያያሉ፤ ዝም ብለንም ልናሳልፈው አይገባም። ከ2006 ጀምሮ ጥቁሩ ተዋናይ ጄፍሪ ራይት የቦንድ የልብ ወዳጅ የሆነውን አሜሪካዊ ሰላይ ተጫውቷል። ከ2012 ጀምሮ ናኦሚ ሃሪስ መኒፔኒን ሆናለች። በ2021 ደግሞ ላሻና ሊንች የ007ን ቁጥር ራሱን ተሸክማ ታየች። ለውጡ መልካም ነው፤ ግን 60 ዓመት ያህል እንደፈጀ ለልጆቻችን መንገር ይገባናል።

ቲሞቲ ዳልተን የቲያትር ሰው ነው፤ በሼክስፒር ተውኔቶች የተፈተነ። በ1987 ሲጀምር የፊልሞቹን ቦንድ ትቶ ወደ ፍሌሚንግ መጻሕፍት ተመለሰ። የእርሱ ቦንድ አይስቅም፤ ግድያ የሰለቸው ሰው ነው። በ1989ኙ ፊልም ወዳጁ ለሻርክ ሲሰጥበትና የወዳጁ ሙሽራ ስትገደል ሥራውን ጥሎ ለበቀል ይወጣል። በዚያን ጊዜ ተመልካቹ የሙርን ሳቅ ለምዶ ነበርና ዳልተን ከበደው። ቀጥሎም በባለመብቶቹ መካከል ክርክር ተነሥቶ ሥራው ለስድስት ዓመት ቆመ። እንደ እኛ ግምት ዳልተን የመጣው ያለ ጊዜው ነው፤ 17 ዓመት ቆይቶ ክሬግ ሲመጣ የተመሰገነበትን ቀድሞ ያደረገው እርሱ ነበር።

አሁን ለልባችን ወደሚቀርበው እንምጣ። ፒርስ ብሮስናን በ1953 በአየርላንድ ተወለደ። አባቱ ቤቱን ጥሎ ሄደ፤ እናቱ ለንደን ሄዳ በነርስነት ስትሠራ እርሱ ከዘመድ ጋር ቀረ። በ1964፣ በ11 ዓመቱ፣ እናቱ ዘንድ መጣ። በትምህርት ቤት ልጆች በስሙ ፈንታ «አየርላንዳዊው» እያሉ ይጠሩት ነበር። ለንደን እንደደረሰ ያየው ፊልም የኮነሪ «ጎልድፊንገር» ነበር። ያ ልጅ አድጎ በ1995 ራሱ ቦንድ ሆነ። ለአዲስ ገቢ ልጅ ከዚህ የበለጠ ምን ተረት አለ?

እያዘንን የምንናገረው ግን አለ። ብሮስናን ልብሱን ከመጠን በላይ ወደደው። እንደ ኮነሪ ይቆጣል፤ እንደ ሙር ይቀልዳል፤ እንደ ዳልተን ይተክዛል። ሁሉንም በሚገባ ያደርጋል፤ የራሱ የሆነው የትኛው እንደሆነ ለመለየት ግን እንቸገራለን። በ«ጎልደንአይ» ጁዲ ዴንች እንደ አለቃ ሆና ያለፈ ዘመን ቅሪት መሆኑን ስትነግረው ፊቱ ላይ አንድ ነገር ብልጭ ይላል፤ ወዲያው ግን ፈገግታው ይሸፍነዋል። ያንን ፈገግታ ቢያቆየው ኖሮ ምን እናይ ነበር እያልን እንቆጫለን። ከልጅነቱ የተመኘውን ልብስ በመቀስ ሊነካው አልደፈረም።

ዳንኤል ክሬግ በ2005 ሲመረጥ ጠጉሩ ወርቃማ ነው፣ ቁመቱ አጭር ነው ተብሎ ተዘለፈ። በ2006 «ካሲኖ ሮያል» ሲወጣ አፎች ተዘጉ። በዚህ ፊልም መግደል ቀላል አይደለም። ቦንድ ደረጃ ላይ ሰው ከገደለ በኋላ መስተዋት ፊት ቆሞ ደሙን ያጥባል፤ እጁ ያርፍ ዘንድ ይጠጣል። መጠጡ እንዴት ይሁን ሲባል ግድ እንደሌለው ይናገራል። አንድ ትዕይንት ደግሞ ነገራችንን ሁሉ ይጠቀልለዋል። ቬስፐር የተባለችው ሴት በዓይኗ ለክታ ያሰፋችለትን የእራት ልብስ ትሰጠዋለች። እርሱም ቅር እያለው ይለብስና መስተዋት ፊት ይቆማል። ራሱን እንደ አዲስ ሰው ያያል፤ ትንሽም ይኮራል። የታወቀውን ስሙን በታወቀው አነጋገር የሚናገረው ግን ፊልሙ ሊያልቅ ሲል፣ ያቺን ሴት ካጣ በኋላ ነው። ልብሱ በዋጋ የተገዛ ሆነ። ከዚያም በ2021 በመጨረሻ ፊልሙ ቦንድ ለልጁና ለልጁ እናት ሲል ሞተ፤ ከስድስቱ ይህን የደፈረ የለም።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። ልብሱን የሰፋው ኮነሪ ነው። ልብሱ ውስጥ ሰው እንዳለ ያሳየን ክሬግ ነው። እርሱንም እናስቀድማለን። ዳልተን መንገዱን ጠረገለት፤ ሙር በልኩ ለበሰ፤ ላዘንቢ ለአንዲት ደቂቃ የራሱን አገኘ። ብሮስናንን እንወደዋለን፤ መውደድና መመዘን ግን ይለያያሉ።

ክሬግ በ2008 «ዲፋያንስ» በተሰኘው ፊልም ቱቪያ ቢየልስኪን ሆኖ ተጫውቷል። ቢየልስኪና ወንድሞቹ በቤላሩስ ጫካ ከ1,000 በላይ አይሁዶችን ከናዚዎች ያተረፉ ናቸው። እዚያ የእራት ልብስ የለም፤ ብርድና ረሃብ ነው። በመካከላችንም በ1980ዎቹ በሱዳን በኩል የመጡ ወላጆች አሉ። ማንነታቸውን ሸሽገው፣ ሕፃኑን «ዝም በል» እያሉ፣ በሌሊት የሚመጣ መኪና የጠበቁ ናቸው። ምስጢር መጠበቅን ከፊልም አልተማሩትም።

ስለዚህ ልጁ «አባ፣ እውነተኛው የትኛው ነው?» ሲል «ሁሉም ውሸት ነው» ብለን አንገላገል። አብረን ቁጭ ብለን «የራሱን ልብስ የለበሰው የትኛው ይመስልሃል?» ብለን እንጠይቀው። የሚሰጠን መልስ ስለ ቦንድ ብቻ ላይሆን ይችላል።