አሥሩ አውታርና አሥሩ እንዚራ

በገና የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ጌጡን ነው፤ የቀንበሩን ቅርጽ፣ የምሰሶዎቹን ቅብ፣ የተቀረጸውን መስቀል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። አሁን ግን በገና እጄ ሲገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ከገበቴው ቆዳ ላይ ወደተቀመጠው ብርኩማ ነው። ሰው ራሱን በብርኩማ ላይ እንደሚያሳርፍ፣ አውታሮቹ ሁሉ በዚህ እንጨት ላይ ያርፋሉ። የበገና ድምፅ የሚለየው እዚያ ነው፤ በጥቂት ሚሊ ሜትር ውስጥ።

ከአውታሩ እንጀምር። በልማድ የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። አንጀቱ ትኩስ እንዳለ ይታጠባል፤ ስቡና ልጋጉ ይፋቃል። እርጥብ ሳለ ይገመዳል፤ እንደተወጠረም ይደርቃል። ሲደርቅ ብርሃን በጥቂቱ የሚያሳልፍ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላ ክር ይሆናል።

ጥሩ አውታር በጣት ይታወቃል። በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ ጥፍር መካከል ይዤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀስ ብዬ አሳልፈዋለሁ። ጥፍሬ እብጠት ወይም ስርጉድ ካገኘ አውታሩ እኩል አልተገመደም ማለት ነው። ለዓይን የሚሆን ፈተናም አለ። ከ400 ዓመት በፊት ሉት የተባለውን ባለ ክር መሣሪያ የሚጫወቱ አውሮፓውያን የአንጀት ክሮቻቸውን የሚመርጡት በዚሁ ነበር። ክሩን በሁለት እጅ ወጥሮ መሃሉን በጣት መምታት ነው። ውፍረቱ ወጥ የሆነ ክር ሲርገበገብ ሁለት ጥርት ያሉ መስመሮች ይታያሉ። ወጥ ያልሆነው ግን የተምታቱ ብዙ መስመሮች ያሳያል። እንዲህ ያለው አውታር የቱንም ያህል ቢቃኝ ድምፁ አይጠራም።

ቀጥሎ ውፍረት ነው። በበገና ላይ የአሥሩ አውታሮች ርዝመት ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ የአንዱን ድምፅ ከሌላው ዝቅ የሚያደርገው ውፍረቱና ውጥረቱ ነው። ርዝመቱና ውጥረቱ ሳይለወጥ ውፍረቱ እጥፍ ቢሆን ድምፁ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል። ውፍረቱን ሳይነኩ ያንኑ ያህል ለማውረድ ግን ውጥረቱን ወደ ሩብ መቀነስ ግድ ነው፤ ያን ያህል የላላ አውታር ጣት ላይ ይልፈሰፈሳል። ለወፍራሙ ድምፅ ወፍራም አውታር የሚመረጠው ለዚህ ነው። አሥሩም ላይደረደሩ ይችላሉ። በበገና ደርዳሪው በዓለሙ አጋ አደራደር ስድስቱ ድምፅ ይሰጣሉ፤ የቀሩት ለጣቶች ማረፊያ ናቸው። ቁጥራቸው ግን አይጎድልም፤ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት የአሥርቱ ትእዛዛት ምሳሌ ናቸውና።

ዛሬ በአንጀት ፈንታ ናይሎን የሚገጥሙ ብዙ ናቸው። ምክንያት አላቸው። አንጀት የአየሩን እርጥበት ይጠጣል፤ ያብጣል፤ ቅኝቱንም ያፈርሳል። ናይሎን በዚህ በኩል ይሻላል። ነገር ግን ይቀላል። የአንጀት አንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ወደ 1.3 ግራም ሲመዝን የናይሎኑ ወደ 1.1 ግራም ነው። በዚያው ውጥረት ያንኑ ድምፅ እንዲሰጥ የናይሎኑ አውታር ትንሽ መወፈር አለበት። ይህች ትንሽ ልዩነት ቀጥላ ብርኩማው ላይ ትደርሳለች።

ብርኩማው ላይ እንዚራ አለ። እንዚራ ታጥፎ በአውታሩና በእንጨቱ መካከል የሚገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ነው። ለእያንዳንዱ አውታር አንድ፣ በጠቅላላው አሥር። የብርኩማው ጀርባ ሰፊ ነው። እንዚራው አውታሩን ከዚያ ጀርባ በጥቂቱ ያነሣዋል። አውታሩ ሲደረደር ይርገበገብና እንጨቱን ደጋግሞ ይዳብሳል። ያ ዳበሳ ነው የበገና ዝዝታ።

አንድ ጊዜ በዐቢይ ጾም ዋዜማ አንድ አዛውንት መምህር አዲስ አውታር ሲያስገቡ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። በመጀመሪያ ያለ እንዚራ ደረደሩት። «ድም» አለና ወዲያው ጠፋ። ከዚያ ቆዳውን ከተቱ። አውታሩ ዘለግ ያለ ነገር ግን የሻከረ ድምፅ ሰጠ። «ገና ነው» አሉ። እንዚራውን በጥፍራቸው የጤፍ ፍሬ ታህል ወደ ኋላ ሳቡት፤ ጆሯቸውን ወደ ገበቴው አዘነበሉ፤ እንደገና ደረደሩ። አሁንም ሳቡ። በአራተኛው ሻካራው ቀረ፤ ዝዝታው ከመጀመሪያው እስኪጠፋ ድረስ ሳይቆራረጥ ወረደ። ሦስት አውታር ለማስተካከል ከአቦል እስከ በረካ ፈጀባቸው። አንዴም አልቸኮሉም።

ይህን የዳበሳ ድምፅ የሚፈልጉ ሌሎችም አሉ። ሕንዶች ታንፑራ በተባለው መሣሪያቸው ክር ሥር ቀጭን የጥጥ ወይም የሐር ክር አስገብተው ያንኑ ዝዝታ ያወጣሉ። ፍሬት (በአንገቱ ላይ የሚገቡት የብረት መከፋፈያዎች) የሌለው ቤዝ ጊታርም የሚያንጎራጉረው ክሩ በጣት መጫኛው እንጨት ላይ ስለሚዳበስ ነው። የዚህ መሣሪያ ታላቅ ተጫዋች ጃኮ ፓስቶሪየስ በክብ ሽቦ የተጠመጠሙ፣ ሮቶሳውንድ የተባሉ ክሮችን መረጠ። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው፤ ጥምጥማቸው ግን እንደ ሞረድ እንጨቱን ይበላል። ስለዚህ እንጨቱን ኢፖክሲ በተባለ ጠንካራ ሙጫ ለበጠው። በጠፍጣፋ ሽቦ የተጠመጠመ ክር እንጨቱን ብዙም አይጎዳም፤ በምትኩ ድምፁ ይለዝባል። እዚያም ቢሆን ክር ብቻውን አይመረጥም። የሚመረጠው ከሚነካው ነገር ጋር ነው።

ለበገናም ሕጉ ይኸው ነው። ለአንጀት የተቆረጠ እንዚራ ለናይሎን ልክ ላይሆን ይችላል፤ የአውታሩ ውፍረት ሲለወጥ ከእንጨቱ ያለው ርቀትም ይለወጣል። ድምፁ የደነዘዘ በገና ሁሉ አውታሩ መጥፎ አይደለም፤ ቆዳው ቦታውን ያላገኘም ይኖራል።

በገና የምትገዙ ሁሉ፣ ጌጡን ከማድነቃችሁ በፊት ብርኩማውን እዩ። እንዚራዎቹን ቁጠሩ። አውታሮቹን አንድ በአንድ ደርድሩና እያንዳንዱ እስኪጠፋ ድረስ ስሙ። አውታር ስትለውጡም እንዚራውን አብራችሁ አስተካክሉ።