አፈር የሚያነብ እጅ

ቁፋሮ ሲባል ዶማና አካፋ ብቻ ለሚታየው ሰው የሐርላ ሥራ ሌላ ዓለም ነው። በዚህች ከድሬዳዋ በስተደቡብ ምሥራቅ ባለች የገጠር መንደር ገበሬዎች እርሻቸው ውስጥ የባዕድ አገር ሳንቲም ሲያገኙ ኖረዋል፤ በትላልቅ ድንጋዮች የተሠራውን ፍርስራሽም የግዙፋን ሥራ ይሉታል። በኤክሰተር ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ኢንሶል የሚመራውና ከኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን ጋር የሠራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2017 የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ማግኘቱን ገለጸ። ብር፣ ነሐስና የብርጭቆ ዶቃ የሚሠራበት የጌጥ ሠሪዎች ወርክሾፕም ተገኘ። አሠራሩ በዘመኑ ከነበረው የህንድ ጥበብ ጋር ይዛመዳል።

የእነዚያን ጌጥ ሠሪዎች እጅ የሚያደንቅ፣ ዶቃውን ከአፈር የለየውንም እጅ ያድንቅ። እንዲህ ባለ ቁፋሮ መሬቱ በገመድ በካሬ በካሬ ይከፈላል። ባለሙያው በግንበኛ ማንኪያ አፈሩን በስሱ እየላገ ይወርዳል፤ ቀለሙ ትንሽ ከጠቆረ፣ ወይም ልስልሱ አፈር ድንገት ከሻከረ፣ እጁን ይሰበስባል። ሌላ ዘመን ጀምሯል ማለት ነው። የጉድጓዱ ግድግዳ በቱምቢ የተለካ ይመስል ቀጥ ብሎ ይጸዳል፤ አመዱ፣ የተቃጠለው ጭቃና ፍርስራሹ ተራ በተራ ይነበባሉ። የወጣው አፈር ይነፋል፤ ከምስር የማትበልጥ ዶቃ የምትያዘው እዚያ ወንፊት ላይ ነው። እያንዳንዱ ከረጢት ካሬው፣ ንብርብሩና ጥልቀቱ ይጻፍበታል። ጽሑፉ ከጠፋ ዶቃዋ ውበቷን እንደያዘች ትቀራለች፤ ስለ ወርክሾፑ ግን ምስክርነቷ ያበቃል።

ይኸው ጥንቃቄ ከተማው ውስጥም ያስፈልጋል። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ ከመጣው ባቡር ጋር የተወለደች፣ በወርክሾፕና በፋብሪካ ያደገች ከተማ ናት። ያረጀ የኢንዱስትሪ ግቢ ለመኖሪያ ወይም ለትምህርት ቤት ሲታሰብ፣ አፈሩ ተበክሎ እንደሆነ አስቀድሞ መመርመር አለበት። የምርመራው ዕቅድ ውበት ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ዘይት የት ይደፋ ነበር? ባትሪ የት ይከማች ነበር? ቀለም የት ይረጭ ነበር? ይህ በካርታ ላይ ከሰፈረ በኋላ ነው ናሙና የሚወሰድበት ነጥብ የሚመረጠው፤ ለማነጻጸሪያም ካልተነካ መሬት ይወሰዳል። እርሳስ አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው አፈር ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ናፍጣ ግን ወደ ታች ይሰርጋል፤ ስለዚህ አንድ ጥልቀት ለሁሉም አይሆንም። መሣሪያው ከነጥብ ወደ ነጥብ ሲሄድ ይታጠባል፤ አለዚያ የመጀመሪያው ጉድጓድ እድፍ በሁለተኛው ላይ በሐሰት ይመሰክራል። ነዳጅ የተጠረጠረበት ናሙና ደግሞ ወዲያው ተከድኖ፣ እንደቀዘቀዘ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ብን ብሎ የጠፋ ነገር አይለካምና።

ድሬዳዋ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውሃ ስለሆነ፣ ወደ ታች የሚሰርገው ብክለት የሁሉም ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ ምርመራ የምታቅዱ ሁሉ፣ መሰርሰሪያውን ከማዘዛችሁ በፊት የባቡሩንና የፋብሪካዎቹን ጡረተኞች ፈልጋችሁ ጠይቁ። የግቢውን ካርታ ዛሬም በቃላቸው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።